ፍሊፐሩ ኳሷን ዳገት ማውጣት ሲያቅተው

ያገለገለ ፒንቦል ማሽን ገዝቶ ቤት ያስገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ነገር ይህ ነው፦ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ነጥቡም ይቆጠራል። ኳሷ ግን ዳገቱ ግማሽ ላይ ስትደርስ ተንከባልላ ትመለሳለች። ልጆቹ ሁለት ቀን ታግለው "ይሄ ነገር አይሠራም" ይሉና ወደ ስልካቸው።

የደከመው ፍሊፐሩ ነው፤ ከታች በግራና በቀኝ ኳሷን የሚመታው ክንድ። ጀርመኖችና ጣሊያኖች ጨዋታውን ራሱን "ፍሊፐር" ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1947 የቺካጎው ጎትሊብ "ሃምፕቲ ደምፕቲ" በተባለው ማሽኑ ላይ ክንዶቹን ከማምጣቱ በፊት፣ ተጫዋቹ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ማሽኑን ከመነቅነቅ በቀር ብዙም የሚያደርገው አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ኮይሉ ማግኔት ይሆንና የብረት ዘንጓን ስቦ ያስገባል፤ ዘንጓም ክንዱን ታዞራለች። ብዙ ሰው ፍሊፐር ሲደክምበት ቶሎ አዲስ ኮይል ያዛል። እኔ ብሆን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ኮይል የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ካልተቃጠለ እንዲሁ በእርጅና አይደክምም። የሚያልቀው በውስጡ የሚመላለሰው ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በ1990ዎቹ ማሽኖች የፍሊፐር ኮይል 50 ቮልትና ከዚያም በላይ ያገኛል። ከተነቀለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ኳሶቹን አውጡ፣ ከዚያ ሰሌዳውን አንሱ። ልጆች፣ የናንተ ሥራ ባትሪ መያዝና ምንም ሳይፈታ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ስንገጥም እናየዋለን።

አሁን ክንዱን በእጅ አንቀሳቅሱት። ከሻከረ ወይም ሞላው ፈጥኖ ካልመለሰው፣ ዘንጓን አውጥታችሁ እዩ። ጫፏ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጦ፣ የምትመላለስበት የናይለን ቱቦ ጠቁሮ ይሆናል። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ቀይሩት። ዘንጓን ከክንዱ ጋር የምታያይዘዋ ቁራጭ ቀዳዳዋ ከሰፋ እሷም ትቀየር። የስፌት መኪና ዘይት ግን እንዳታመጡብኝ! አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል።

ቀጥሎ ክንዱ ጉዞውን ሲጨርስ የሚነካው ትንሽ ስዊች አለ። በድሮዎቹ ማሽኖች ኃይለኛው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በሱ በኩል ነው፤ ክንዱ ላይ ሲደርስ ተከፍቶ፣ ክንዱን ይዞ ለማቆየት የሚበቃውን ያህል ብቻ ያስቀራል። መነካኪያው ከጠቆረ ኃይሉ በሙሉ አያልፍም፣ ፍሊፐሩም ይልፈሰፈሳል፤ በቀጭን ሞረድ አጽዱት። ጭራሽ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ኮይሉን ያቃጥለዋል። በ1992 እንደወጣውና ከ20,000 በላይ እንደተሸጠው "አዳምስ ፋሚሊ" ባሉት ላይ ግን ኃይሉን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው፤ እዚያ ሞረድ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፣ ንጹሕ ወረቀት መሃሉ ማሳለፍ ይበቃል።

አንዱ ክንድ ብቻ ከደከመ ችግሩ እዚያው ጎን ነው። ሁለቱም እኩል ከደከሙ ወደ ኃይል አቅርቦቱ ሂዱ፤ ይህ ግን ለባለሙያ ይተው። የማሽኑ የኋላ እግርም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ እንዳይሆን እዩ፤ ዳገቱ ከበዛ ደህናው ፍሊፐርም ደካማ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተሻለው ያኔ ኮይሉ ይቀየር። በላዩ የተጠቀለለው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ጉልበታቸው የሚለያይ ብዙ ኮይሎች አሉ።