ስለ ነፍሰ ጡር እንቅስቃሴና በወሊድ ጊዜ ስለሚደርስ መቀደድ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን አራስ ስንጠይቅ ዓይናችን ከሕፃኑ ላይ ያርፋል። እናቲቱ ግን ለመቀመጥ እየተሳቀቀች፥ ሽንቷ እያቃጠላት፥ ለማንም ሳትናገር ትውላለች። ሕፃኑ ሲወጣ ከብልቷ እስከ መቀመጫዋ ያለው ሥጋ መቀደዱ፥ በተለይ በመጀመሪያ ወሊድ፥ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነው፤ ኀፍረት ግን ነገሩን እንኳ እንዳናነሣ አድርጎናል። አባወራዎችም የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው ገጹን እንዳያልፉት እንለምናለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ሐኪም ካልከለከላት በቀር፥ ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትሸከም ለምትውለው የገጠር እናት ግን የሚጐድላት ዕረፍት እንጂ ጉዞ አይመስለንም። ሁለተኛው ልምምድ አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ነው፤ ይኸውም ሽንትንና ፈስን እንደሚይዙ ሁሉ የዳሌን ወለል ጡንቻ ጥቂት ሴኮንድ አጥብቆ መልሶ ፈጽሞ መልቀቅ ነው። ይህ ሽንት እንዳያመልጥ ይረዳል። ነገር ግን ልምምድ የሠራች አትቀደድም ብሎ የሚያስተምር ቢኖር ከማስረጃው አልፎ ሄዷል።

ለመቀደዱ የሚረዳው ሌላ ነው። ከ35ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ፥ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ ነፍሰ ጡሯ ወይም ባሏ እጅን ታጥበው፥ ጥፍርን ቆርጠው፥ በንጹሕ የምግብ ዘይት የብልቷን የታችኛውን በር ከውስጥ በኩል ወደ ታችና ወደ ጎን በቀስታ ቢያሹት፥ በተለይ ለበኵር ወላጅ መስፋት የሚያሻው ጉዳት ይቀንሳል። ደም ከታየ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን አይደረግም፤ አስቀድሞም አዋላጇን መጠየቅ ይገባል።

በምጡ መጨረሻ ደግሞ አዋላጇ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከሥጋው ላይ ብታኖር፥ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ የሚዘልቀው ከባድ መቀደድ ይቀንሳል። የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲል ቀስ ብሎ እንዲወጣ በእጅ መደገፍም ይመከራል፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ «ግፊ! ግፊ!» እያለ መጮኹ በዚያች ሰዓት አይጠቅምም። ለእያንዳንዷ ወላጅ ሥጋውን በመቀስ መቍረጥ የተለመደበት ሥራም፥ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የድርጅቱ መመሪያ አይደገፍም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መቀደድ ሊደርስ ይችላል። ጥልቅ የሆነው በዐዋቂ እጅ መሰፋት አለበት። ከወለደች በኋላ ፈስ ወይም ዓይነ ምድር መያዝ ያቃታት እናት ብትኖር፥ የወሊድ ዕጣ ነው ብላ አትቀመጥ፤ ባሏ ወይም እናቷ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።