ልጆቻችሁን ድንቅነሽን አሳዩአቸው

የመሐል ሜዳና የአካባቢዋ ገበሬዎች! ለልጅ የሚወረስ ሀብት መሬትና ከብት ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ነው። ለጉዳይ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ስትወርዱ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ።

እዚያ ድንቅነሽን ታያላችሁ። ፈረንጆች ሉሲ ይሏታል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘች። የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ግን እንደ እኛ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ይህ በምን ታወቀ? በዳሌዋና በጉልበቷ አጥንት ነው።

ልጆቻችሁ «አጥንት እንዴት ይህን ያህል ዘመን ይቆያል?» ይሏችኋል። እንዲህ በሏቸው፦ ሜዳ ላይ የሞተች በግ አጥንቷን ጅብ ይቆረጥመዋል፤ የተረፈውን ፀሐይና ዝናብ ይፈረፍሩታል። ደለል ቶሎ የሸፈነው አጥንት ግን ይተርፋል። ውሃ እየሰረገ ማዕድን ያስገባበታል፤ ቀስ በቀስም ድንጋይ ይሆናል። ቅሪተ አካል ማለት ይህ ነው።

ለእይታ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ አምሳያዋ ነው። ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይጠበቃል። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትመለሱ።

አንድ አደራ አለ። በእርሻችሁ ወይም በገደል ሥር ድንጋይ የሆነ አጥንት ብታገኙ አትስበሩት፤ ከቦታውም አታንሱት። ዕድሜው የሚታወቀው ከተኛበት አፈርና ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ቦታው ከጠፋ ታሪኩም ይጠፋል። ለመምህር ወይም ለቀበሌ ንገሩ።

ይህን ጽሑፍ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ሙዚየም ስትደርሱ ደግሞ እነሱ ያንብቡላችሁ።