የበረዶ ሸርተቴ ከነቤተሰብ፦ ደስታውና ጣጣው

«ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ በረዶ ሸርተቴ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚህ በረዶ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት እንጂ ልጅ ይዘው የሚዝናኑበት አይደለም። ቋንቋችንም ቢሆን በዚህ ነገር ብዙ አልተጨነቀም፤ ከዝናብ ጋር እየወረደ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውን፣ በፈረንጅ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውን ሁሉ በአንድ ስም «በረዶ» ብሎ ጠቅልሎታል። ፈረንጆቹ ስኪ የሚሉት ሸርተቴ የሚካሄደው በሦስተኛው፣ እንደ ጥጥ ወርዶ መሬት ላይ በሚከመረው ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ ያን ያህል የራቀን አይደለም። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ መጋላም ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዘመዶቻችን ደግሞ ካልጋሪ፣ ዴንቨር፣ ኦስሎና ስቶክሆልም ገብተዋል። እዚያ ክረምቱ ወራት ይፈጃል፤ ትምህርት ቤቶችም ልጆችን ለሽርሽር በረዶ ላይ ያወጣሉ። ያን ጊዜ «ልጁን ልላከው ወይስ ላስቀረው?» የሚለው ጥያቄ በስልክ እኛ ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጨዋታ ምን እንደሆነ፣ ደስታው ከየት እንደሚመጣና አደጋው የትኛው ጋ እንደተደበቀ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የእኛ ሰው በበረዶ ላይ

በቅድሚያ «ሸርተቴ የነጭ ነገር ነው» የሚለውን እንተወው። በየካቲት 1998 ዓ.ም በጣሊያኗ ቶሪኖ ከተማ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋለች። የተሳተፈችውም በአንድ ሰው፣ በሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ እዚያም ተማሪ ሳለ ሸርተቴ የለመደ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ ሲያጣ ከታቹ ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በካናዳ ቫንኩቨርም በድጋሚ ተወዳድሮ 93ኛ ሆኗል። ቁጥሩን አይቶ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በረዶ ከሌለበት አገር ወጥቶ በረዶ ላይ ካደጉት ጋር እኩል መስመር ላይ መቆም በራሱ ቀላል አይደለም።

ከጎረቤታችንም ምሳሌ አለ። ከኤርትራውያን ወላጆች ካናዳ የተወለደው ሻነን አቤዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ፣ በ2022 ደግሞ ቤጂንግ ላይ ኤርትራን ወክሎ ከተራራ ቁልቁል ተንሸራቷል። ለንግድ ዱባይ የሚመላለሱ የከተማችን ሰዎችም የማያውቁት ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያ አንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሰው ሠራሽ በረዶ የለበሰ ቁልቁለት አለ። ውጭ በረሃ፣ ውስጥ ብርድ!

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ዓይነት ሸርተቴ አለ። ሮቤል የተወዳደረበት ሜዳና ዳገት ላይ በራስ ጉልበት እየገፉ የሚሄዱበት ነው፤ ከረጅም ርቀት ሩጫ ጋር ይመሳሰላል። አቤዳ የተወዳደረበት ደግሞ ሰው በገመድ በሚጎተት ወንበር ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድበት ነው። ብዙ ቤተሰብ ሸርተቴ ሄድኩ ሲል ሁለተኛውን ማለቱ ነው፤ ከባዱ ጉዳትም በአብዛኛው የሚመጣው ከእሱ ነው።

የአያቴ ጥያቄ

እኔን ወደዚህ ርዕስ ያስገባኝ የቤታችን ክርክር ነው። ካልጋሪ የምትኖረው አክስቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ካልጋሪ እ.ኤ.አ. በ1988 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች ከተማ ስለሆነች የሸርተቴው ኮረብታ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ሊወስድ ሲነሣ ለወላጅ የሚፈረም ወረቀት ላከ። አክስቴ ይህንን ለአያቴ በስልክ ነገረቻት።

አያቴ ሰምታ ሰምታ፣ «እንዴ! ገንዘብ ተከፍሎ እግር ሊሰበር?» አለች።

«እማዬ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ሲሄዱ እሱን ብቻ ቤት ላስቀምጠው?»

«አንቺ ታውቂያለሽ ልጄ። እኔ ግን እግዚአብሔር የሰጠሽን አንድ ልጅ ከገደል አልገፋም።»

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አያቴ የፈራችው ያላየችውን ነገር ነው፤ አክስቴም የፈራችው ልጇ ከእኩዮቹ መሀል ብቻውን እንዳይቀር ነው። ሁለቱም ፍርሃቶች ከፍቅር የመጡ ናቸው። የጎደለው መረጃ ብቻ ነበር። ጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ ብሎ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንም፤ ስለዚህ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ደስታው ምኑ ላይ ነው?

በመጀመሪያ፣ ስደተኛ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ወላጁን የሚያስተምርበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ቋንቋውንም ስልኩንም ቀድሞ የሚለምደው ልጁ ነው። ይህ አንዳንዴ አባትን ያሳንሳል፣ ልጅንም ያኮራል። በረዶ ላይ ግን አባትም ልጅም አንድ ላይ ይወድቃሉ፣ አንድ ላይ ይስቃሉ። ልጁ ቀድሞ ቢለምድ እንኳ አባቱን በእጁ ይዞ ሲያነሣው መናናቅ ሳይሆን መተጋገዝ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ለልጅ ደስ የሚል ነው። ሰሜን አሜሪካ ያሉ አሰልጣኞች ለትንንሾቹ «ፒዛ» ይሏቸዋል፤ የሁለቱን መንሸራተቻ ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ከኋላ መክፈት ማለት ነው። ቅርጹ ቁራሽ ፒዛ ይመስላል፣ ፍጥነትንም ይገታል። «የድንች ጥብስ» ሲባሉ ደግሞ ሁለቱን ትይዩ አድርገው ይለቁታል። ፍሬን የሚማሩት በምግብ ስም ነው እንግዲህ።

ሦስተኛ፣ ረጅሙን ክረምት ያሳጥረዋል። ቤት ተዘግቶ ቴሌቪዥን ላይ ከማፍጠጥ አየር መቀበል፣ ገመዱ ወደ ላይ ሲጎትት ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት፣ ማታ ደክሞ እንቅልፍ መተኛት ትልቅ ነገር ነው።

ወጪው ግን ያማል። በአሜሪካ ትልልቅ የሸርተቴ ተራሮች የአንድ ሰው የአንድ ቀን ቲኬት ከ200 ዶላር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ትንንሽ ኮረብታዎችን ይመርጣል፣ ዕቃም ይከራያል። የሮቤል ዓይነቱ የሜዳ ሸርተቴ በዋጋም በአደጋም ይቀላል፤ ለጀማሪ ቤተሰብ ጥሩ መነሻ ነው።

ጣጣውስ?

ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚሰጡት ግምት 1,000 ሰዎች አንድ ቀን ሲንሸራተቱ 2 ወይም 3 ሰዎች ሕክምና የሚያሻው ጉዳት ይደርስባቸዋል የሚል ነው። ጀማሪዎችና ልጆች ከሌላው የበለጠ ይጋለጣሉ። በብዛት የሚጎዳው ጉልበት ነው፤ እግር ከመንሸራተቻው ጋር ተጣብቆ ሲጠመዘዝ ጅማት ይበጠሳል። ለዚህ ሲባል ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ ሰው ሲወድቅ እንዲፈታ ሆኖ ተሠርቷል። መቼ እንደሚፈታ የሚስተካከለው በሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ነው። እንግዲህ ክብደትን ቀንሶ፣ ችሎታን ጨምሮ መናገር እዚህ ቦታ ላይ ጉራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጉልበት ያስከፍላል።

ከጉልበት የሚከፋው ጭንቅላት ነው። ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2005 ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሄልሜትን ግዴታ አደረገች፣ በ2022 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገችው። ሄልሜት ግን ሁሉን አይመክትም። የመኪና ውድድር ጀግናው ሚካኤል ሹማከር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ፈረንሳይ አልፕስ ውስጥ ከ14 ዓመት ልጁ ጋር ሲንሸራተት ሄልሜት አድርጎ ነበር። የወደቀው ግን ምልክት በተደረገባቸው ሁለት መንገዶች መካከል፣ ድንጋይ በበረዶ በተሸፈነበት ቦታ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት።

ሌላው ታሪክ የእንግሊዛዊቷ ተዋናይ ናታሻ ሪቻርድሰን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ካናዳ ውስጥ የጀማሪ ትምህርት ላይ ሳለች ወደቀች፤ ሄልሜት አላደረገችም። ተነሥታ ሳቀች፣ «ደህና ነኝ» ብላ እርዳታ መለሰች። በኋላ ራስ ምታት ጀመራት፣ በሁለተኛው ቀን አረፈች። ደሙ የሚጠራቀመው ውስጥ ለውስጥ ስለሆነ ሰው ሰዓታት ሙሉ ደህና ሊመስል ይችላል። «ምንም አልሆንኩም» ማለት ለእኛ ባህል ጨዋነት ነው፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግን ጨዋነቱን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

መጋጨትም አለ። ዓለም አቀፉ የሸርተቴ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸው 10 የሥነ ሥርዓት ደንቦች አሉ። ዋናው፣ ከታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ከላይ የሚመጣው ነው መጠንቀቅ ያለበት የሚል ነው። ምክንያቱም የታችኛው ከኋላው ዓይን የለውም። ተዋናይት ግዊኔት ፓልትሮው እ.ኤ.አ. በ2016 ከልጆቿ ጋር ስትንሸራተት ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭታ እስከ 2023 ፍርድ ቤት የቆየው ክርክር የዞረው «ከላይ የነበረው ማን ነው?» በሚለው ላይ ነበር። ዳኞቹ ለእሷ ፈረዱ።

በመጨረሻም ፀሐይ። ለድሬ ሰው ፀሐይ ብርቅ አይደለችም፤ ነገር ግን አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። መነጽር ያላደረገ ልጅ ማታ ዓይኑ እንደ አሸዋ ሊቆረቁረው ይችላል።

ደቻቱ ያስተማረን

ከሁሉ አስፈሪው የበረዶ ናዳ ነው። ይህንን ለአያቴ ለማስረዳት ከደቻቱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ሌሊት ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ታላላቆቼ ግን እስካሁን ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። ከዚያ የተማርነው አሸዋው ላይ ፈጽሞ አለመርገጥን አይደለም። የተማርነው «ላይ ቤት ዘንቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ናዳም እንደዚያው ነው። የሚያምረው ነጭ ቁልቁለት ትናንት ብዙ በረዶ ከወረደበት፣ ነፋስ ከከመረበት፣ ዝንባሌውም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ አይታመንም። በናዳ ከሚያዙት ተንሸራታቾች አብዛኞቹን የሚይዛቸው እነሱ ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ረግጦ ያስነሣው ናዳ ነው። በተከለለው ቦታ ውስጥ ግን ሠራተኞች ተዳፋቱን ይመረምራሉ፣ አደገኛውን ክምር ቀድመው በፈንጂ ያፈርሱታል፣ ሲያስፈልግ መንገዱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ገመዱን አልፎ መውጣት ማለት ደጋው ጠቁሮ እያዩ አሸዋው ላይ መተኛት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

አያቴ ይህንን ሁሉ ሰምታ «አትሂድ» የሚለውን ተወችና «ያ የራስ ቆብ የሚሉት አለው ወይ? ማን ነው የሚያስተምረው?» ብላ ጠየቀች። አክስቴም መልሱን ከትምህርት ቤቱ አጣርታ ፈረመች። ለእኔ ትልቁ ነገር ልጁ መሄዱ አይደለም። አንዲት አሮጊት ከከዚራ ሆና የልጅ ልጇን ጠባቂ መሆን መቻሏ ነው።

ስለዚህ ከውጭ አገር «ልጆቹን ሸርተቴ ልንወስድ ነው» የሚል ስልክ ሲመጣ፣ «አደገኛ ነው ወይ?» ብለን አንጠይቅ፤ መልሱ «አዎ» ነውና ለማንም አይጠቅምም። ይልቅ የሚከተሉትን እንጠይቅ። ሄልሜት አለ? የመጀመሪያውን ቀን የሚያስተምረው አሰልጣኝ ነው ወይስ ችኩል አጎት? ቁልቁለቱ ምን ዓይነት ነው? ሰሜን አሜሪካ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ለጎበዝ ነው። ማሰሪያው በትክክለኛው ክብደት ተስተካክሏል? ከተጠፋፋችሁ የት ትገናኛላችሁ? ሲደክማችሁስ ታቆማላችሁ? ድካም እግርን ያሰንፋልና «አንድ ዙር ብቻ» ከማለት በጊዜ ማቆም ይሻላል።

ርቀን የምንኖር ዘመዶች ልጆቹን በእጃችን ልንይዛቸው አንችልም። ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ግን እንችላለን፤ የጠየቀ ሰው ደግሞ ሩቅም ሆኖ አብሮ አለ። ቸር ወሬ ያሰማን!