ለባሌ ጫካ ስንት ሌሊት ይበቃል?

ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው ከሚታዩ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ቀይ ቀበሮ፣ የሳነቴ አምባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የሐረና ጫካ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ጉዞው የሚበላሸው ግን ከዝርዝሩ ሲነሣ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ አምባውን በመኪና አቋርጦ የተመለሰ ሰው ስሞቹን በሙሉ አዳርሷል፤ ጫካው ውስጥ ግን አልሰነበተም። በእኔ እምነት የባሌ ዕቅድ መነሣት ያለበት ከሌሊቱ ቁጥር ነው። ቢያንስ አራት ሌሊት ያስፈልጋል፤ እሱም በሁለት ቤት ብቻ። አንዱ ከተራራው በስተሰሜን፣ ዲንሾ አካባቢ፤ ሌላው በስተደቡብ፣ ሐረና ውስጥ።

ሁለት ቤት የሚያስፈልገው መሬቱ ራሱ ሁለት ስለሆነ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዙሪያዋ ጽድና ኮሶ ነው፤ የኮሶው ቀላ ያለ ቅርፊት እየተላጠ ከግንዱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ድኩላና ከርከሮ ቤት ድረስ መጥተው ይግጣሉ። ከዚያ በሮቤና በጎባ አልፎ የሚወጣው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም እዚያው ነው። ከአምባው ደቡባዊ ጫፍ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወረወራል። መጀመሪያ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ፣ ቀጥሎ ቀርከሃ፣ ከዚያም ሰማይ የሚጋርዱት የሐረና ዛፎች ይመጣሉ። ታች፣ ቆላ ቆላ ወደሚለው ሲወረድ፣ ማንም ያልተከለው ቡና በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ንብ አናቢዎችም ቀፏቸውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ከመኪና መስኮት ማየት ይቻላል፤ በእግር ለመሄድ ግን ለየወገኑ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ሰውነትም የራሱ ድርሻ አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ የሕክምና ምክር ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከፍታውን በከፊል ለምዶታል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነው የተነሣው። ለእሱ የመጀመሪያው የዲንሾ ቀን ከዝግ ያለ ሽርሽር ማለፍ የለበትም። ሁለቱም ማደሪያዎች ከአምባው ዝቅ ማለታቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቀን ሳነቴ ላይ ውሎ ወርዶ ማደር ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን የአየሩና የእንስሳቱ ነገር ነው። የደጋ አጋዘን ዲንሾ አጠገብ ወዳለው የጋይሳይ ሜዳ በብዛት የሚወጣው ማለዳና ወደ ማታ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደርሶ አመሻሽ ላይ የሚሄድ እንግዳ ሁለቱንም ሰዓት ያጣል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚያድነው በቀን ነው፤ ምግቡ የሆኑት አይጦችና ፍልፈሎች ፀሐይ ሲሞቅ ከጉድጓድ ይወጣሉና። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። ነገር ግን ጉም ሳነቴን ሸፍኗት ሊውል ይችላል፤ ሐረናም ላይ ጉሙ ሳይገለጥ ረፋዱ ያልፋል። አንድ ሌሊት ብቻ ይዞ ለሄደ ሰው የጠፋ ቀን የጠፋ ጉዞ ነው። አራት ሌሊት ለያዘው ግን ያው ጉም እሳት ዳር መጽሐፍ የማንበቢያ፣ ቡና አፍልቶ የመጫወቻ ጊዜ ይሆንለታል።

ጊዜ የለም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ሠራተኛ ሰው አራት ሌሊት ከየት ያመጣል? ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ወቅት ግን የባሌ ደረቅ ወራት ከሚባሉት ከኅዳር እስከ የካቲት መሃል ይውላል፤ ከበዓል ጋር ጥቂት የፈቃድ ቀን ማያያዝ ይበቃል። ይህ ካልተቻለ ሳነቴን ትቶ ሁሉንም ሌሊት ዲንሾ ማሳለፍ ይሻላል እላለሁ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለብዙው ተጓዥ ከባዱ ወጪ መኪናና ነዳጅ ነው፤ እሱ ሁለት ሌሊትም ታደረ አራት ያን ያህል አይለወጥም። የሚጨምረው አልጋና ምግብ ነው፤ ስንቅ ሸክፎ ራሱ የሚያበስል ቡድን ያንንም ያቀለዋል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እንግዳው በቆየ ቁጥር ጫካው ይጎዳል የሚለው። የባሌ ሌሊት ውርጭ ነው፤ የጫካ ቤትም ያለ እሳት አይታሰብም። ጽድና ኮሶ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅባቸው ዛፎች ናቸው፤ ለአንድ ምሽት ሙቀት መቆረጥ የለባቸውም። መልሱ ግን ቆይታውን ማሳጠር ነው ብዬ አላምንም። ወደ ዲንሾ ሲኬድ የምትገኘው ዶዶላ ሌላ መንገድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ በጫካው ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በደን ክልላቸው የመጠቀም መብት አገኙ፤ ግዴታቸው ደኑን አለማሳነስ ነበር። የአባላቱም ቁጥር በደኑ አቅም ተወሰነ፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ተብሎ። በዚያው ጊዜ በፈረስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬድባቸው ትናንሽ የእንግዳ ቤቶች ተራራው ላይ ተሠሩ፤ መንገድ መሪነቱና ፈረሱ የአካባቢው ሰው ገቢ ሆነ። እንዲህ ያለው ገቢ የሚመጣው እንግዳው ሲያድር ነው፤ በመኪና ያለፈው አቧራ ብቻ ነው የሚተወው።

ስለዚህ አልጋ ሲያዝ ከዋጋው እኩል መጠየቅ ያለበት፣ ቤቱ የሚያነደው እንጨት ከየት እንደሚመጣ ነው። ከከተሞቹ ዙሪያ ከተተከለ ባሕር ዛፍ የተገዛ ከሆነ ጥሩ፤ መልሱ ድፍንፍን ካለ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብና ሙቅ ውኃ የሚያዝበት ላስቲክ የያዘ ሰው እሳቱን ከእራት በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ ያነደዋል፤ ሌሊቱን ያለ እሳት ይተኛል።