የጌም ክፍል መብራት፦ ከቀለሙ በፊት ነጩ

የጌም ክፍል መብራት ገበያ ላይ የሚወጣው በቀለሙ ነው። ካርቶኑ ላይ «16 ሚሊዮን ቀለም» ተብሎ በጉልህ ይታተማል፤ ሻጩም ሪሞቱን እየተጫነ ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከወይን ጠጅ ወደ አረንጓዴ ያመላልሰዋል። ቁጥሩ ውሸት የለበትም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው 256 የድምቀት ደረጃ ስላላቸው ሲባዙ 16.7 ሚሊዮን ይመጣል። ሰዓታት ሙሉ ስክሪን ላይ ለሚያፈጥ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንዱ ብቻ ነው፤ ከስክሪኑ ጀርባ ሆኖ ግድግዳውን በስሱ የሚያበራ ነጭ። የቀረው ጌጥ ነው። ጌጥ መውደድ ነውር አይደለም፤ ጣጣው የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ያኔ ክፍሉ እንደ ሠርግ አዳራሽ ደምቆ፣ ተጫዋቹ ዓይኑን እያሸ ይነሳል።

ምክንያቱ ከዓይን አሠራር ይነሳል። የተለመደ ሞኒተር ሙሉ ነጭ ሲያሳይ ድምቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ይደርሳል፤ መብራቱ በጠፋ ክፍል ውስጥ ግን ከስክሪኑ ጠርዝ ወዲያ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ዓይን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊመቻች አይችልም። ጨዋታው ከዋሻ ወደ በረዶ ሜዳ በወጣ ቁጥር ብሌኑ ይጠባል፣ ተመልሶ ሲገባ ይሰፋል፤ እንዲሁ ሲጠብና ሲሰፋ ያመሻል። ግድግዳው ትንሽ ከበራ ይህ ልዩነት ይቀንሳል። ሌላም ጥቅም አለ፤ ያው ጥቁር በብርሃን ሲከበብ ይበልጥ የጠቆረ ይመስላል። ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ጥቁር የሚባለው በእርግጥ የኋላ መብራቱ የሚሾልክበት ጥቁር ግራጫ ስለሆነ፣ ይህ የዓይን ስህተት ትልቅ ውለታ ይውልለታል። የፊልም ቀለም የሚያርሙ ባለሙያዎችም ከሞኒተራቸው ጀርባ ያለውን ግድግዳ የሚያበሩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ድምቀቱን ከስክሪኑ ከፍተኛ ነጭ 10 በመቶ ገደማ፣ የነጩን ቀለም ሙቀት 6500 ኬልቪን ያደርጉታል። የስክሪን ነጭ የሚስተካከለው በዚሁ በ6500 ነውና፣ ግድግዳው በ3000 ኬልቪን ቢጫ ቢበራ ዓይን ከቢጫው ጋር ይላመድና ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ መስሎ ይታየዋል። የግድግዳው ቀለምም ይቆጠራል። አረንጓዴ ግድግዳ ነጩን መብራት አረንጓዴ አድርጎ ይመልሰዋል፤ የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዷ አምፖል ነጥብ ነጥብ ሆና ትታያለች።

ሲኒማ ቤት ጨለማ አይደለም ወይ የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የዲጂታል ሲኒማ መስፈርት ለነጭ የሚጠይቀው ግን 48 ኒት ብቻ ነው፤ የሞኒተሩን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከኦሌድ ባለቤቶች ይመጣል፤ የእነርሱ ስክሪን ጥቁር ሲያሳይ ነጥቦቹ ጨርሰው ስለሚጠፉ ማጥቆሪያ አያስፈልጋቸውም። እውነት ነው፤ ለእነርሱ የሚቀረው የዓይን እረፍቱ ነው፣ እርሱም አያንስም። 6500 ኬልቪን ሰማያዊ ስለሚበዛበት እንቅልፍ ይሰርቃል የሚለው ስጋትም መሠረት አለው፤ ይሁንና በዚህ ድምቀት ዋናው የሰማያዊ ምንጭ ስክሪኑ ራሱ ነው። ማምሻውን ስክሪኑ ወደ ሞቃት ቀለም ሲዞር መብራቱም አብሮት ይዙር።

የቀለም ወዳጆችም መከራከሪያ አላቸው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2004 አምቢላይት የተባለ የግድግዳ መብራት ያለው ቴሌቪዥን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የምስሉን ጠርዝ እየተከተለ ግድግዳው ላይ የሚፈስ ብርሃን ምስሉን ከክፈፉ የወጣ እንደሚያስመስል ታይቷል። በመኪና እሽቅድድም ወይም ሰፊ መልክዓ ምድር ባለው ጨዋታ ይህ ደስ ይላል። ተኩስ ባለበት ፉክክር ግን ሌላ ተቀናቃኝ መጨመር ነው፤ የዓይን ዳር ብልጭታንና እንቅስቃሴን ለመያዝ ንቁ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ቀለም በተወራጨ ቁጥር ትኩረት ወደዚያው ይሳባል። ስለዚህ ቀለሙ ከጠረጴዛው ሥር ወይም ከመደርደሪያ ኋላ ቢገባ ይሻላል። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረው ስትሪፕም (እንደ ቴፕ የሚለጠፍ የኤልኢዲ መብራት) ለእንግዳ ያምራል፤ ከተጫዋቹ ኋላ ያለው ጎኑ ግን ስክሪኑ ላይ ስለሚንጸባረቅ በጨዋታ ሰዓት ባይበራ ይመረጣል።

ነጩንም ከአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ስትሪፕ አወጣዋለሁ ማለት ብዙ አያዋጣም። ሦስቱ ቀለሞች ተቀላቅለው የሚሰጡት ነጭ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ያጋድላል። የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1993 ለዓለም ያሳየው ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ቢጫ ፎስፈር ሲለብስ ብርሃኑ ነጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. የ2014 የፊዚክስ ኖቤል ለእርሱ፣ ለኢሳሙ አካሳኪና ለሂሮሺ አማኖ የተሰጠው በዚሁ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ነጭ ብቻ የሆነ ስትሪፕ፣ ወይም ከሦስቱ ሌላ የራሱ ነጭ ቺፕ ያለው አርጂቢደብሊው መፈለግ ነው። ከሞኒተር ጀርባ ለሚለጠፍ አጭርና ደብዛዛ ስትሪፕ ዩኤስቢ ይበቃል። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው ግን 2.5 ዋት ነው፤ በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 5050 በሚባለው ቺፕ የተሠራ ስትሪፕ አምስቱም ሜትር ሙሉ ሲበራ 72 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ የራሱ አዳፕተርም ያስፈልገዋል። በረጅም አርጂቢ ስትሪፕ ጫፍ ላይ ቮልቴጁ ስለሚወርድ፣ ከቀዩ የበለጠ ቮልቴጅ የሚሻው ሰማያዊ ቀድሞ ይደክምና ነጩ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ክፍሉን ለሚዞር 24 ቮልት ይሻላል። ከመክፈል በፊት ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክቶ ድምቀቱን ዝቅ አድርጎ በስልክ ካሜራ ማየት ነው፤ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ማደብዘዣው መብራቱን ቶሎ ቶሎ እያጠፋና እያበራ የሚሠራ ነውና፣ ሌላ ማስወጣት ነው።