በቀን ተኩል የተፈረደ

ብራያን ስቲቨንሰን በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ያለ ጥፋታቸው ወይም ያለ በቂ ጠበቃ ሞት ለተፈረደባቸው ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሟገተ ጠበቃ ነው። በ1959 በዴላዌር ግዛት ሚልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሴት አያቱ ወላጆች በቨርጂኒያ በባርነት የኖሩ ነበሩ። ከሐርቫርድ በሕግ የተመረቀው በ1985 ነው። ሙያውን ያስመረጠው ግን የክፍል ትምህርቱ ሳይሆን ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1983፣ በጆርጂያ እስር ቤት ያገኘው አንድ የሞት ፍርደኛ ነበር።

ተማሪው የተላከው አጭር መልእክት እንዲያደርስ ብቻ ነው። ጠበቃ ገና እየተፈለገለት መሆኑን፣ በሚመጣው አንድ ዓመት ግን እንደማይገደል ለእስረኛው እንዲነግረው። እስረኛው ከሁለት ዓመት በላይ ከእስረኛና ከጠባቂ በቀር ሰው አላየም ነበር። መልእክቱን ሲሰማ እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞ አመሰገነው። የመገደያው ቀን ተቆርጦ እንዳያገኙት ፈርቶ ሚስቱና ልጆቹ እንዳይጠይቁት ከልክሎ ኖሯል፤ አሁን ሊጠራቸው ነው። ለአንድ ሰዓት የተፈቀደው ጉብኝት ሦስት ሰዓት ወሰደ። የተቆጡት ጠባቂዎች እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው በሰንሰለት ሲያስሩትና እየገፈተሩ ሲያወጡት ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙር ጀመረ። ስቲቨንሰን ይህን ታሪክ በየመድረኩ ሲያነሳው ኖሯል።

ከተመረቀ በኋላ አትላንታ ባለ የእስረኞች ጥብቅና ድርጅት ሠራ። በ1989 ወደ አላባማ ሄዶ፣ በኋላ ኢኩዋል ጀስቲስ ኢኒሺየቲቭ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። አላባማን መምረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግዛቲቱ የሞት ፍርደኞች ከመጀመሪያው ይግባኝ በኋላ ለሚያቀርቡት አቤቱታ ጠበቃ አታቆምም ነበር። በዋናው ክርክር ፍርድ ቤት የሚመድበው ጠበቃም ከችሎት ውጪ ለሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚከፈለው ከ1,000 ዶላር አይበልጥም ነበር። ምስክር ፍለጋው፣ የሰነድ ምርመራው፣ ባለሙያ ማነጋገሩ ሁሉ በዚያች ገንዘብ ነበር። የፌዴራሉ ምክር ቤት በ1995 ለእንዲህ ዓይነት ማዕከሎች ይሰጥ የነበረውን በጀት ሲያቋርጥ ስቲቨንሰን በዚያው ዓመት ያገኘውን የማክአርተር ሽልማት ገንዘብ በሙሉ ለድርጅቱ ሰጠ።

ሌላም ነገር ነበር። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ጁሪ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ቅጣቱንም የሚወስነው ዳኛው ነው። በአሜሪካ ግን ሞት በሚያስፈርድ ክስ ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። በአላባማ ሕግ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልክ ይበቃዋል ቢሉም ዳኛው የእነሱን ሐሳብ ሽሮ ሞት መፍረድ ይችል ነበር። የግዛቲቱ ዳኞች ደግሞ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ ናቸው፤ በምርጫ ሰሞን ጨካኝ መባል ድምፅ ያስገኛል፣ ርኅሩኅ መባል ያሳጣል።

የስቲቨንሰን ደንበኛ ዋልተር ማክሚሊያን የገባበት ወጥመድ ይህ ነበር። ጉዳዩ የተፈጸመው በሞንሮቪል ነው። ከተማዋ የደራሲዋ የሃርፐር ሊ የትውልድ ቦታ ናት፤ በሐሰት ለተከሰሰ ጥቁር የቆመ ጠበቃን ታሪክ በሚተርከው ልብ ወለዷም ትኮራለች። በኅዳር 1986 በከተማዋ የልብስ ንጽሕና መስጫ የምትሠራ የ18 ዓመት ነጭ ወጣት ተገደለች። ወራት አልፈው ገዳይ አልተገኘም። ማክሚሊያን እንጨት እየቆረጠ የሚተዳደር ጥቁር ነበር፤ ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር ግንኙነት እንደነበረው ግን በከተማው ተወርቷል። በ1987 ተያዘ፤ ገና ሳይፈረድበት በሞት ፍርደኞች ክፍል ታሰረ። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ከቤቱ ደጅ ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ማሰባሰቢያ ዓሣ ሲጠበስ ከብዙ ሰው ጋር ነበር። ችሎቱ ጥቁሮች በብዛት ከሚኖሩበት አውራጃ ነጮች ወደሚበዙበት ተዛወረ፤ ከጁሪው አባላት 11ዱ ነጮች ነበሩ። ክርክሩ በቀን ተኩል አለቀ። ጁሪው ዕድሜ ልክ አለ፤ ዳኛው ሽሮ ሞት ፈረደ። ስቲቨንሰን እንደጻፈው ይኸው ዳኛ ስልክ ደውሎ ጉዳዩን እንዳይዘው ሊያግባባው ሞክሯል።

ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ራሱ በሌላ ወንጀል የተያዘ ሰው ነበር። ቃሉን ሊያጥፍ ሲሞክር እሱም ወደ ሞት ፍርደኞች ክፍል ተላከ፤ ተመልሶ እሺ አለ። የስቲቨንሰን ቡድን መዝገቡን ሲያገላብጥ ፖሊሶች የዚህን ምስክር ቃል የቀዱበትን ካሴት አገኘ። በካሴቱ ሌላ ገጽ ላይ ሰውየው በማያውቀው ነገር ንጹሕ ሰው ላይ እንዲመሰክር በመገደዱ ሲያማርር ይሰማል። ይህ ካሴት ለተከሳሹ ጠበቆች አልተሰጠም ነበር።

የማክሚሊያንን አቤቱታ ለመስማት በ1992 በተሰየመው ችሎት ምስክሩ የመሰከረው ሁሉ ሐሰት መሆኑን ተናገረ። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹን የሞሉት የማክሚሊያን ዘመዶችና ጎረቤቶች ነበሩ። በማግስቱ ሲመጡ በር ላይ የብረት መፈተሻና ትልቅ የፖሊስ ውሻ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ከወንበሮቹም ግማሹ አስቀድሞ በሌሎች ሰዎች ተይዟል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጥቁር እናት ውሻውን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ፤ እንባቸው ወረደ፤ ተመልሰው ወጡ። በ1965 በሴልማ ለመምረጥ መብት ሰልፍ በወጡ ጊዜ ፖሊስ ውሻ የለቀቀባቸው ትዝ ብሏቸው ነው። ሌሊቱን ሲጸልዩ አድረው በሦስተኛው ቀን ቀና ብለው ውሻውን አልፈው ገቡ፤ ሁሉም ተቀምጦ እሳቸው ብቻ ቆመው መምጣታቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በየካቲት 1993 ነው፤ ማክሚሊያን መጋቢት 2 ወደ ቤቱ ሄደ።

የአንቶኒ ሬይ ሒንተን ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በ1985 የእናቱን ደጅ ሣር ሲያጭድ ተይዞ፣ በበርሚንግሃም ሁለት የምግብ ቤት ኃላፊዎችን ገድሏል ተባለ። የቀረበበት ማስረጃ ጥይቶቹ ከእናቱ ቤት ከተወሰደው ሽጉጥ ወጥተዋል የሚል የመንግሥት ባለሙያዎች ቃል ነው። የተመደበለት ጠበቃ ለባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ አይፈቀድም ብሎ አመነ፤ ሕጉ ግን ከዓመት በፊት ተሻሽሎ ገደቡ ተነስቶ ነበር። በዚያች ገንዘብ የተገኘው ባለሙያ አንድ ዓይና መሐንዲስ ሆነ፤ ማይክሮስኮፑን መጠቀም እንደቸገረው በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያምን የዐቃቤ ሕጉ ሥራ ቀለለ።

ስቲቨንሰን ጉዳዩን በ1999 ያዘ። በ2002 የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ የጦር መሣሪያ ክፍል የቀድሞ ኃላፊን ጨምሮ ሦስት ባለሙያዎች ጥይቶቹ ከዚያ ሽጉጥ መውጣታቸው ሊረጋገጥ እንደማይችል መሰከሩ። በቂ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ሽጉጡን የመንግሥት ባለሙያዎች እንደገና ይመርምሩት ተብሎ ዓመት በዓመት ሲጠየቅ እሺ የሚል ባለሥልጣን ከግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት አልተገኘም። ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም፤ የቀረበውን ለማየት የሚገደድ ሰው አልነበረም። የሒንተን እናት ልጃቸው ሳይፈታ በዚያው በ2002 አረፉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 በአንድ ድምፅ ጠበቃው ግዴታውን አልተወጣም ሲል መዝገቡ ተመለሰ። የመንግሥት ባለሙያዎችም መርምረው ማዛመድ አልቻሉም። ሒንተን ወደ 30 ዓመት ገደማ ታስሮ ሚያዝያ 3 ቀን 2015፣ በምዕራባውያን ስቅለት ዕለት ተፈታ።

ሌላውን በአጭሩ ማንሳት ይበቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012፣ በስቲቨንሰን ተከራካሪነት፣ ከ18 ዓመት በታች ሆነው ለገደሉ ልጆች በአመክሮ የመፈታት ተስፋ የሌለው ዕድሜ ልክ እስራት በሕግ ግዴታ ሊሆን አይችልም አለ። ድርጅቱ ፍርዳቸውን ያሻረላቸው፣ ያስቀነሰላቸው ወይም ያስፈታቸው የሞት ፍርደኞች ከ140 በላይ ናቸው። በ2018 በአላባማ ዋና ከተማ በሞንትጎመሪ ያለ ፍርድ በመንጋ ለተገደሉ ከ4,400 በላይ ጥቁሮች መታሰቢያ አቆመ።

ማክሚሊያን የአእምሮ መድከም ይዞት በ2013 ሞተ። ምርመራውን የመራው ሸሪፍ በምርጫ በሥልጣኑ ላይ ለረጅም ዓመታት ቆየ። ሒንተን ከተፈታ በኋላ ለዓመታት ካሳ አልተከፈለውም። ዳኛ የጁሪን ሐሳብ ሽሮ ሞት እንዲፈርድ የሚፈቅደውን ሕግ አላባማ በ2017 ሻረች። ሽረቱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ እንዲሠራ አልተደረገም፤ በዚያ መንገድ ቀደም ብሎ ሞት የተፈረደባቸውን ሰዎች ፍርድ አልለወጠም።