ኤል ኒኞ መጣ ሲባል ጌዴኦ ምን ይስማ?

ክረምት ሊገባ ሲል «ዘንድሮ ኤል ኒኞ ነው» የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ ዲላም ይርጋጨፌም እንደ ጎንደርና ወሎ መስጋት ይጀምራሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሌላ አካባቢ ስጋት ነው።

ተረት፦ «ኤል ኒኞ ማለት ድርቅ ነው።»

እውነታ፦ ኤል ኒኞ በምድር ወገብ አካባቢ የመካከለኛውና የምሥራቁ ፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚፈጠር ክስተት ነው። ሙቀቱ የነፋሱን አካሄድ በዓለም ዙሪያ ስለሚለውጥ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ያሳንሳል። የ2007ቱ ክረምት በዚሁ ምክንያት ከሽፎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በደቡብ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ኤል ኒኞ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ይጨምራል። ያንን ወቅት የሚያደርቀው ተቃራኒው ላ ኒና ነው። ከጌዴኦ በስተደቡብ ቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት ከብቱን ያጣው ላ ኒና በተደጋገመባቸው ዓመታት ነበር።

ተረት፦ «የክረምቱ ትንበያ ለሁላችንም ነው።»

እውነታ፦ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ጌዴኦን በሁለቱም ጉዞ ስለሚነካ ዝናቡ በሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም በመስከረምና ጥቅምት ይበረታል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በልግ፣ ክረምትና በጋ ብሎ ይከፍለዋል። ጎጃም ውስጥ የበጋ መግቢያ አጨዳ ነው፤ በደቡብ ግን በዚያው «በጋ» ውስጥ ዝናብ አለ። ቡናው የሚያብበው በበልጉ መግቢያ ዝናብ ነው፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ ከፓስፊክ ጋር ያለው ትስስር የላላ በመሆኑ ለመተንበይ ይከብዳል።

ተረት፦ «ዝናቡን የሚያመጣልን ዛፋችን ነው።»

እውነታ፦ ግማሽ እውነት ነው። ዛፍ የተወሰነ እርጥበት ወደ አየር ይመልሳል፤ ዋናው እርጥበት ግን ከሩቅ፣ በተለይ ከህንድ ውቅያኖስ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. መባቻ የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ አጥለቀለቀ፤ እርጥበቱ ለአንበጣ መንጋም ተመቸ። እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ ተደራርበው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥራው ሌላ ነው፤ የቀረውን ዝናብ አያመጣም፣ የዘነበውን ግን ያሰርጋል፣ ገደላማውን አፈር ይይዛል፣ ለቡናው ጥላ ይሆናል።

ተረት፦ «እኛ ደጋ ነን፤ የዓለም ሙቀት አይነካንም።»

እውነታ፦ ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቡሌ ከዲላ የሚበርደውም ለዚህ ነው። ስሌቱ ሲገለበጥ፣ አንድ ዲግሪ ሙቀት ማለት ማሳው ወደ 170 ሜትር ገደማ እንደ ወረደ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2024 በመለኪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለቡና የሚመቸው ቀበቶ ወደ ላይ፣ እንሰትና ገብስ ወዳለበት ይገፋል። ተራራው ግን ጫፍ አለው።

ተረት፦ «ትንበያው ዋሸ።»

እውነታ፦ የወቅት ትንበያ ዕድል እንጂ ቀጠሮ አይደለም። «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ከተባለ፣ 55ቱ መደበኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚያ ላይ ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ወናጎ ዘንቦ ኮቾሬ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ትንበያ ሲሰማ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ ለየትኛው ወቅት? ለየትኛው አካባቢ? ዕድሉስ ስንት? ለጌዴኦ ቡና አምራች የኤል ኒኞ ዜና ከክረምቱ ይልቅ የለቀማውን ወራት ይመለከታል። ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ከደረሰበት ይሻግታል፣ ደረጃውም ይወርዳል። መሸፈኛ ሸራውን መግዛትም ሆነ አልጋውን መጠገን ጥቅምት ሳይገባ ነው።